የክብር ክፍል

የብርጓል ቤቷን ሠርታ ስትጨርስ፣ ከክፍሎቹ ሁሉ ትልቁን ለአባትና ለእናቷ ሰጠች። ይህን ማንም ልጅ ያደርገዋል ማለት አይደለም። ብዙው ሰው ለወላጁ ከጓዳ ጥግ፣ ከጤፍ ማዳበሪያው አጠገብ አልጋ ዘርግቶ «ጦርኩ» ይላል። እሷ ግን ወጥ ቤቱን ተደግፋ ያለችውን ጠባቧን ክፍል ለራሷና ለባሏ ለመንግስቱ ያዘች፤ ሁለቱን ልጆቿን ከዚያችው ጎን አስገባች። ፊት ለፊት ያለውን፣ ሁለት ሰፋፊ መስኮት የወጣለትንና ወለሉ ነጭ ሴራሚክ የተነጠፈበትን ክፍል «የአባና የእምዬ ነው» ብላ ቁልፉን በእጃቸው አስጨበጠች። የጮቄ ተራራ ከሩቅ የሚታየው ከዚያ ክፍል ነው። ከጮቄ የሚነሳው ነፋስም መጀመሪያ የሚያንኳኳው ያንኑ ክፍል ነው፤ ይህን ግን ያን ጊዜ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ቤቱ ከደብረ ማርቆስ ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ ጭቃው ከሚጀምርበት አዲስ ሰፈር ነው። የብርጓል የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ መንግስቱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ብሎኬት በብሎኬት ላይ ሲደረድሩ ኖረው አምና ግንቦት ላይ ገቡ። ሰኔ እንደ ባተ ደግሞ እርጅና የተጫናቸውን ሁለቱን ወላጆቿን ከደብረ ኤልያስ አጠገብ ካለው ገጠር አመጣቻቸው። መሬቱን ታናሽ ወንድሟ እንዳላማው ይዞ ቀረ።

ወላጆቿ የገቡ ዕለት ትንሽ ድግስ ነበረ። በበሩ የሚያልፈው ሁሉ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል፤ የብርጓልም «እንቦሳ እሰሩ!» እያለች ትመልሳለች። አባቷ አያ አለበል በተራቸው ገቡና ወለሉን አዩት፤ ፊታቸው በሴራሚኩ ውስጥ ይታያል። «እንቦሳውን እዚህ ብታስሪው እግሩ ተንሸራቶ ይሰበርብሻል» ብለው ሰዉን አሳቁ። ከዚያ ግን ሳቃቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ቤቱ ሞልቶ እንዲፈስ፣ ክፉ እንዳይገባበት፣ የገባበት ሁሉ በጤና እንዲያድርበት መረቁ። ሰዉ «አሜን» አለ። የብርጓል ከወጥ ቤቱ በር ቆማ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ስድስት ዓመት የደከመችው ለዚህች ምርቃት ነበር ብትባል አትክድም።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። በእነ አያ አለበል አገር፣ ቤት የመረቀ ሽማግሌ ያንን ቤት መልሶ አያማም። ጣራው ቢያፈስበት ድስት ከሥሩ አስቀምጦ ዝም ይላል እንጂ «አፈሰሰ» አይልም። ምርቃቱን በገዛ አፉ ማፍረስ ይሆንበታላ።

የብርጓል ያደገችበት ቤት ሌላ ነበር። ክብ ነው፤ ሣር ክዳን። ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ፣ በየዓመቱ በእበት እየተመረገ የወፈረ፣ ክንድ የሚያህል። መስኮት የሚባል ነገር አያውቅም። ከግራ በኩል በሬዎቹ ቦራና ዳልቻ፣ ሁለት ላሞችና አንድ አህያ ያድራሉ፤ መሐል ላይ እሳቱ አለ፤ ከከብቶቹ በላይ ደግሞ ቆጥ። ልጆቹ የሚተኙት ቆጡ ላይ ነበር። የከብቶቹ ትንፋሽ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ጀርባቸውን ያሞቀዋል። ጥጃዋ ገና ስትወለድ ግን ከሰዎቹ መደብ እግርጌ ትታሰርና ሌሊት የአያ አለበልን ውስጥ እግር ስትልስ ታድራለች። እሳቸውም እየተኮረኮሩ «ይች ልጅ እንቅልፍ ነሳችኝ» ይላሉ፤ ግን አያባርሯትም።

ሐምሌ ሲገባ ያ ቤት የባሰ ይጣፍጥ ነበር። ደጁ ሳምንት ሙሉ ዝናብ ይወርድበታል፤ ጭጋጉ ከማጀቱ በር ድረስ ይመጣል፤ ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ እየተንጠባጠበ ይገባል። እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ ድንቹን ረመጥ ውስጥ ይቀብሩታል። ቆዳው ተሰንጥቆ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ እናቷ በእጃቸው እያገላበጡ፣ «ትኩስ ነው፣ ተዉ» እያሉ ለልጆቹ ያድላሉ። ማንም ግን አይተውም፤ ምላሱን እያቃጠለ ይበላል። አያ አለበል እግራቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው ስለ ጅቡ፣ ስለ ቀበሮው፣ ስለ አንድ ጠጅ ስለሚወድ ደብተራ ያወራሉ። የብርጓል በልጅነቷ ብርድ የሚባለው ነገር ከደጅ የሚቀር፣ እንደ ውሻ በር ላይ ተኝቶ የሚያድር ይመስላት ነበር። ዛሬም ድረስ የረጠበ ሱፍና የእበት ጭስ ሽታ ከአፍንጫዋ ሲገባ ያ ቤት ይናፍቃታል።

የዚያን ቤት ክፉውንም ታውቀዋለች። ጭሱ የእናቷን ዓይን ቀን በቀን እየላጠ ወሰደው። ሳሉም የቤተሰቡ ነበር። ነርስ ስትሆን ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አነበበችና «በእኔ ቤት ጭስ አይገባም» ብላ ማለች። ከዚያ ደግሞ አንድ ክረምት በኪራይ ቤት ይኖሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ከሰል አያይዘው፣ በር ዘግተው ተኝተው፣ ሳይነሱ ቀሩ፤ ከከፈኑዋቸው ሰዎች አንዷ እሷ ነበረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ለእናቶች ስታስተምር «ምድጃ መኝታ ቤት አታስገቡ» ሳትል ውላ አታውቅም። ልክ ናት። ስህተቷ፣ እሳቱን ከቤት ስታስወጣ በቦታው ያስገባችው ነገር አለመኖሩ ነው።

በዚያው በአምናው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሳይፈታ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ሳል ያዛቸው። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለ፤ ዕድሜም አለ አለ። የብርጓል መርፌውን በገዛ እጇ ወጋች፣ አራት ቀን ከራስጌያቸው አልተለየችም። በአምስተኛው ቀን ማለዳ አረፉ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሰፊውን ክፍል፣ መጋረጃውን፣ የሚያብረቀርቀውን ወለል እያየ «እንዲህ ባለ ቤት፣ እንዲህ ባለች ልጅ እጅ መሞትስ መታደል ነው» አላት። እሷም በዚህ ተጽናናች።

ከመስቀል ወዲህ አያ አለበል ደህና ነበሩ። ቀን ቀን ከውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከመንግስቱ ጋር ስለ ዘር ወቅት ይከራከራሉ፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይሄዳሉ። ሐዘናቸውን ለብቻቸው ነው የያዙት። አገር ቤት ይመለሱ እንዳይባል ሣር ቤቱ የለም፤ እንዳላማው አፍርሶ ቆርቆሮ አልብሶታል፤ ምሰሶውንም ለአጥር አድርጎታል። ይህን የሰሙ ቀን አያ አለበል «ደግ አደረገ» አሉ፤ ያን ቀን ግን ምሳ አልበሉም።

ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ ሰውየው ተለወጡ። ጠዋት ጠዋት ምላሳቸው ይከብዳል፤ የሚያውቁትን ሰው ስም ይፈልጉታል። ጣታቸው እንደ አመድ ይሆናል። ማታ የጀመራቸው ሳል እስኪነጋ አይለቅም። የብርጓል ከሥራ በፊት የደም ግፊታቸውን ስትለካ መቶ ሰባ፣ አንዳንዴም መቶ ሰማንያ ይላታል። ሐኪሙ የግፊት መድኃኒታቸውን ጨመረ፤ ቀጥሎ ሌላ ደረበ። ምንም አልሆነ። ለሰው ልጅ ሁሉ ሐኪም ሆና በገዛ ቤቷ መላው ጠፋባት፤ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ሐዘን ነው አለች። እርጅና ነው አለች። እሳቸውን ስትጠይቃቸው ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ ልጄ፤ ተመስገን።»

በዚህ ላይ የዋህነቷ አላገዛትም። በየማለዳው ሰፊዎቹን መስኮቶች ንጹህ አየር ይግባ ብላ ወለል አድርጋ ትከፍታለች፤ በጤና ጣቢያ የምታስተምረው እንዲህ ነዋ። ነጩ ሴራሚክ አቧራ እንዳይይዝ በየቀኑ በውሃ ታጸዳዋለች፤ በክረምት ደግሞ ያ ወለል እስከ ማታ አይደርቅም። አንድ ቀን አያ አለበል በርኖሳቸውን ደርበው ሳሎን ተቀምጠው አገኘቻቸውና «አባ፣ ቤት ውስጥ በርኖስ ምን ያደርጋል? ሰው ቢያይ ምን ይላል?» አለቻቸው። ወዲያው አወለቁት። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ደርበውት አላየችም፤ ደስም አላት።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሌላ ነገር መጣ። አያ አለበል ቁርስ እንደበሉ መቋሚያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ የሚመለሱት ወደ ማታ ነው። ለጸሎት የሚሄዱ መስሏት ነበር። መንግስቱ አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮ መጣ። አባቷ የሚውሉት ሥራነሽ ጠላ ቤት ነው፤ አስተማሪዎቹ ሁሉ አይተዋቸዋል፤ ሰው ደግሞ «ልጅየዋ የምታበላቸው የላትም ወይ?» እያለ ነው። የብርጓል ደሟ ፈላ። ለድፍን ሰፈር የሚያስቀና ክፍል ሰጥታ፣ አባቷ የሰው ጠላ ቤት ሲውሉ!

በማግሥቱ ከቤት ለቤት ክትባት ስትመለስ ቦርሳዋን እንዳነገተች ወደዚያው አቀናች። የሥራነሽ ቤት ሰፈሩ ሳይቆረቆር የነበረ የጭቃ ቤት ነው፤ ከአዲሶቹ ብሎኬቶች መሐል ጎብጦ ተቀምጧል። የብርጓል በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ ለጊዜው ምንም አላየችም። ቀጥሎ የአባቷን ሳቅ ሰማች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ያንን ሳቅ አልሰማችውም።

አያ አለበል መደብ ላይ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀዋል፤ ጋቢያቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው በሸሚዝ ብቻ ተቀምጠዋል። ባዶ እግራቸውን ወደ ጉልቻው ዘርግተው ለሁለት ሽማግሌዎች የዚያን የጠጅ ወዳድ ደብተራ ታሪክ ያወራሉ። ንግግራቸው አይጎተትም፤ ስምም አይጠፋቸውም። ልጃቸውን ሲያዩ እንደ ተያዘ ልጅ እግራቸውን ሰበሰቡ።

ሥራነሽ ዱካ አቀረበችላት፤ ተቀመጠች። ሙቀቱ ከእግሯ ጀምሮ ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ ወገቧ ወጣ። ክረምቱን ሙሉ ትከሻዋን ሰቅላ ስትሄድ እንደ ከረመች ያወቀችው አሁን፣ ትከሻዋ ሲወርድ ነው። ጌሾው ይሸታል፤ እንጨቱ ይንጣጣል። ለአንድ አፍታ ቆጡ ላይ ያለች፣ ከታቿ ቦራና ዳልቻ የሚያመሰኩ መሰላት። ናፍቆት እንዲህ አድርጎ የሚይዝ አይመስላትም ነበር፤ እንባዋ መጣ፤ በጭሱ አሳበበች።

ሥራነሽ ነገሩ ገብቷታል። «እትዬ የብርጓል፣ አትቆጫቸው» አለቻት። «እሳቸው እኔ ቤት ጠላ አይጠጡም። ከመጡ ጀምሮ አንድ ጣሳ አልቀመሱም። እሳት ሊሞቁ ነው የሚመጡት።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ አያ አለበል ብቅሉን ያልቀመሱት ለካ ለዚህ ይሆናል። የብርጓል እጇ የለመደውን አደረገ፤ ከቦርሳዋ የግፊት መለኪያውን አወጣችና ክንዳቸው ላይ ጠቀለለችው። ጠዋት መቶ ሰባ ስምንት የነበረው መቶ አርባ ሁለት አላት። ደግማ ለካች። ያው ነው። ሁለት መድኃኒት አንድ ወር ሙሉ ያላወረደውን የሥራነሽ ጉልቻ አውርዶታል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳ ከክትባት ማቀዝቀዣው አጠገብ የሚሰቀሉ ሁለት ትርፍ ቴርሞሜትሮች በውሰት ይዛ መጣች። አንዱን በአባቷ ራስጌ፣ ከሥዕለ ማርያም ሥር አንጠለጠለችው፤ አንዱን በራሷ ክፍል። አባቷ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋት የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው አለቻቸው።

በማግሥቱ ገና ሊነጋ ሲል ተነሳች። የራሷን አየች፤ አሥራ ስድስት። ወጥ ቤቱ ማታ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃው ነዶበት፣ ግድግዳው ለብ እንዳለ ነው ያደረው። በእግር ጣቷ ቆማ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ገባች። ሴራሚኩ እግሯን እንደ ወንዝ ድንጋይ ነከሳት። ከጣራው ቆርቆሮ እስከ ወለሉ ድረስ አንድ ሞቅ ያለ ነገር የለም፤ ኮርኒስ ለመምታት አቅም አልነበራቸውምና ቆርቆሮው እንዳለ ይታያል። የመስኮቱ ብረት ላቡ ይወርዳል። አባቷ በሁለት ጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ጉልበታቸውን ከአገጫቸው አገናኝተው ተኝተዋል። ትንፋሻቸው ሲወጣ ይታያል። ቴርሞሜትሩ አሥር ይላል።

የብርጓል ክትባትን ለአሥራ አራት ዓመት ጠብቃለች። ከሁለት ዲግሪ በታች እንዳይወርድ፣ ከስምንት በላይ እንዳይወጣ ጠዋትና ማታ እየጻፈች፣ ስንት እሑድ መብራት ጠፋ ብላ ከቅዳሴ ወጥታ ሮጣለች። አባቷ ያደሩት ከክትባቱ ሁለት ዲግሪ ብቻ በሚበልጥ ቤት ነው። ለሽማግሌ ቤት ከአሥራ ስምንት በታች መውረድ እንደሌለበት አንድ ሥልጠና ላይ ሰምታ ነበር፤ ያን ጊዜ «ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው» ብላ ማስታወሻዋን ዘግታ ሻይ ልትጠጣ ወጣች። ብርድ የሽማግሌን ደም ሥር እንደሚያጠብብ፣ ግፊቱን እንደሚያስጋልብ፣ ሳንባውንም እንደሚያደክምና ለሳንባ ምች እንደሚያጋልጥ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ሁሉንም ታውቃለች። ያላወቀችው በገዛ ቤቷ ውስጥ መሆኑን ነው።

ሳንባ የሚለው ቃል ከሐሳቧ ገብቶ እዚያው ቆመ።

አምና ሐምሌ ነበር። እናቷ ከወጥ ቤቱ በር ቆመው፣ በነዚያ ጭስ በጨረሳቸው ዓይኖቻቸው ወደ ጠባቧ ክፍል እያዩ፣ «ልጄ፣ እኔ እዚች ወጥ ቤቱ አጠገብ ብተኛስ?» ብለዋት ነበር። የብርጓል ሳቀች። «እናቷን ወጥ ቤት ሥር አስተኛች ልባል ነው ምኞትሽ? ምን አደረግሁሽ እምዬ?» አለቻቸው። እናቷም አብረዋት ሳቁ። ሁለተኛ አላነሱትም። ከዚያ አንድ ወር ነው የኖሩት።

ከአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አያ አለበል ነቁ። ፊቷን አዩና ሊነሱ ሞከሩ፤ እጃቸውን ያዘችው። እጃቸው እንጨት ነው።

«አባ፣ እምዬ እዚህ ክፍል ይበርዳት ነበር?»

አያ አለበል ቀና ብለው ቴርሞሜትሩን አዩ፤ ማንበብ አይችሉም፤ ግን ምን እንደሆነ ገባቸው። «እናትሽ ዕድሜዋ ደርሶ ነው» አሉ። «አንቺው አስታመሽ፣ አንቺው አልቅሰሽ ቀብረሻት። ምን አመጣሽ?»

«እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ ልጅዎ ነኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ፤ አያ አለበልም ድምፃቸው ከዝናቡ በላይ ሳይወጣ፣ ነገሯት። እናቷ ሌሊት ሌሊት እግራቸው አልሞቅ ይላቸው ነበር። አያ አለበል የሚስታቸውን እግር በብብታቸው ይዘው ያድራሉ፤ የሚነጋውም እንደዚያ ነው። አንድ ሌሊት ለልጅቷ ንገሪያት ቢሏቸው፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ በቅዱስ ሚካኤል አስማሏቸው። ስድስት ዓመት የደከመችበትን ቤት፣ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ብርድ ነው አንላትም አሉ። ክረምት ነው፤ መስከረም ሲጠባ ያልፋል አሉ። መስከረም ግን ሳይጠባ እሳቸው አለፉ።

«እርስዎስ?» አለች የብርጓል። «እሷ ከሞተች ወዲያ መሐላው ለማን ነው? እርስዎ ለምን አልነገሩኝም? ሊሞቱብኝ ነበር እኮ።»

አያ አለበል የያዘችውን እጃቸውን አወጡና ጭንቅላቷ ላይ አደረጉት፤ ሳሉ እስኪለቃቸው ጠበቁ።

«አንቺ ነርስ ነሽ» አሉ። «እኔ በረደኝ ያልሁ ዕለት፣ እናትሽን ምን እንደ ወሰዳት ታውቂያለሽ። ይህን አውቀሽ ከምትኖሪ እኔም በዚያው ብሄድ ይሻላል ብዬ ነው። ሽማግሌ ሞተ ቢባል የሚገርመው የለም። አንቺ ግን ልጆች ታሳድጊያለሽ።»

የብርጓል አምና ለቅሶው ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ፣ መታደል ነው ሲሏት የዋጠችውን ሁሉ፣ ፊቷን ብርድ ልብሳቸው ላይ ቀብራ አለቀሰችው። አባቷ ተይ አላሏትም። እናቷን የገደለቻቸው በጥላቻ ቢሆን ንስሐ አለው፤ በክብር ነው፤ በፍቅር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ምን ተብሎ ንስሐ እንደሚገባ አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ አወቀች፤ ሌላኛው ወላጇ ገና በሕይወት አሉ።

ቀና አለች። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ታማሚን ስትጠይቅ እንደምታደርገው ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው።

«አባ፣ ይበርድዎታል?»

አያ አለበል ወደ በሩ አዩ። አምና ሰኔ ላይ ቤቱን ሊመርቁ ቆመው እጃቸውን የዘረጉበትን ቦታ አዩት። ከንፈራቸው ደጋግሞ ከፈት ዘጋ አለ፤ ደህና ነኝ ሊሉ እንደሆነ ታውቆባቸዋል።

«ይበርደኛል» አሉ። «ልጄ፣ እጅግ ይበርደኛል።»

የብርጓል ጎንበስ ብላ ከነጋቢያቸው አቀፈቻቸውና አነሳቻቸው። ይህን ያህል ቀልለዋል ብላ አላሰበችም። ሳሎኑን አቋርጣ፣ ጫማውን እያሰረ ያለውን መንግስቱን አልፋ ወደ ጠባቧ ክፍል አስገባቻቸው፤ አሁን ከተነሳችበት፣ ሙቀቷ ገና ካልወጣው አልጋ ላይም በራሷ ቦታ አስተኛቻቸው።